ጅምላ እርማት

«ሴትዮዋ ስንት ወር ሙሉ አንድ በአንድ ስታርመው የኖረችውን፣ እኛ ሻይ ሳይበርድ እንጨርሰዋለን» ብሎ ዕዝራ በስልክ ለአለቃው ሲያወራ፣ ሴትዮዋ ከመጋረጃው ወዲህ የበቆሎ ቂጣ በሳህን ይዛ ቆማ ነበር። አገርነሽ ዳልጮ ትባላለች፤ ታላቅ እህቱ ናት። ዕዝራ ለሥራ ከአዲስ አበባ ከመጣ ሳምንት ሊሆነው ነው። የሚተኛው ሲቀላ ሰፈር በሚገኘው በእሷ ቤት፣ ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር በሞላው ሶፋ ላይ ነው። እግሩ ከሶፋው ስለሚተርፍ ማታ ማታ በርጩማ ታስጠጋለታለች፤ ካልሲውን ሳይቀር አጥባ ሽቦ ላይ ታሰጣለታለች። «እህቴ» ማለት ይችል ነበር። «የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ» ቢልም ያባት ነው። «ሴትዮዋ» የሚለው ቃል ግን እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ከአናቷ ወረደባት።

አገርነሽ ስትናደድ የምትጮህ ሰው አይደለችም። ቂጣውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወደ ጓዳ ተመለሰች። ቀጥላ ቂጣው የሚጠቀስበትን ዳጣ አመጣች፤ ተመለሰች። ብርጭቆ አመጣች፣ ባዶውን፤ ተመለሰች። ሻዩን በማንቆርቆሪያ አምጥታ ቀዳችለት፤ ተመለሰች። ስኳሩን አመጣች፤ ማንኪያ ግን አልነበረም። ዕዝራ የምግብ ጸሎት ሊያደርስ ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር ኮቴዋን እየሰማ ይገልጣል።

«እትዬ፣ በአንድ ትሪ አታመጪውም እንዴ?»

«እኔ የለመድኩት አንድ በአንድ ነው» አለችና ማንኪያውን ልታመጣ ሄደች።

ዕዝራ ሳቀ። የምትቀልድ መስሎት ነው።

ቤተ መጻሕፍቱ ወዳለበት ሰፈር፣ ወደ ሼቻ ሽቅብ በምትወጣው ባጃጅ ውስጥ አጠገባቸው ከላንቴ የመጣች አንዲት ሙዝ ነጋዴ ተቀምጣ ነበር። «እኛ ጋ በርካሽ አራግፈው ይወስዱታል፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ወርቅ ይሆናል» እያለች ለሾፌሩ ታማርራለች፤ ሾፌሩ ደግሞ ስለ ቤንዚን ወረፋ ይመልስላታል። አንዱ ስለ ሙዝ፣ አንዱ ስለ ቤንዚን፣ ሳይደማመጡ በደንብ ይግባባሉ። እህትና ወንድም ግን ዝም። ዕዝራ ስልኩን ይነካካል፤ አገርነሽ ከታች የተኛውን ሐይቅ ታያለች። ዝምታው አዲስ አልነበረም። እናታቸው ካረፉ ወዲህ በሁለቱ መካከል የሚመላለሰው ወሬ «በላህ?» «በላሁ»፣ «ደረስክ?» «ደረስኩ» ሆኖ ቀርቷል። በስልክ ሲሆን ይህም ይበቃ ነበር። በአንድ ባጃጅ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው ሲቀመጡ ግን ዝምታው እንደ አራተኛ ተሳፋሪ ቦታ ያጣብባል።

ቤተ መጻሕፍቱን ያሠራው የሰፈሩ የወላጆች ማኅበር ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አንድ የንባብ አዳራሽ፣ ከጎኑ ሦስት ጠረጴዛ የታጨቀበት ቢሮ፣ ሲዞር እንደ አሮጌ ብስክሌት የሚንቋቋ ቬንትሌተር አለው። አገርነሽ የእያንዳንዱን መጽሐፍ ርዕስ፣ ደራሲ፣ የታተመበትን ቦታና ስለ ምን እንደሚያወራ ኮምፒዩተር ላይ ትመዘግባለች። ክልሉ ተከፋፍሎ ስሙ ሲለወጥ፣ መዝገቡ ውስጥ «ደቡብ ክልል» የሚለው ሁሉ «ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል» ይሁን ተብላ ታዘዘች። እሷም አንዱን መዝገብ እየከፈተች፣ እያረመች፣ እየዘጋች ወራት ገፋች፤ ገና እኩሌታው ላይ ናት። አሁን ሶፍትዌሩን የሠራው የዕዝራ መሥሪያ ቤት «ጅምላ እርማት» የሚባል ነገር ሊጨምርበት ነው። የሚለወጠውን ቃል ትጽፋለህ፣ የሚተካውን ትጽፋለህ፣ አንዴ ትጫናለህ፤ መዝገቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለወጣል። ዛሬ ጠዋት ምን ምን እንደሚያካትት ሊመከርበት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከክልል የምትመጣ እንግዳ ልትጎበኘው ቀጠሮ ተይዟል።

ስብሰባው ላይ አራት ሆነው ተቀመጡ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አቶ ሀብተወልድ በዕድሜ ከአገርነሽ ያንሳል፤ በዚያ ሙቀት ከረባት አስሮ እንግዳዋን እንደ ሙሽራ ይጠብቃል። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጋሽ ከድር ከመንገዱ ማዶ የስኳርና የዘይት ጅምላ መጋዘን ያላቸው ነጋዴ ናቸው፤ ለሶፍትዌሩ የከፈሉትም እሳቸው ናቸው። ዕዝራ ተነሥቶ ነጭ ሰሌዳው ላይ ጻፈ፦ አንደኛ ምዕራፍ፣ መለወጥ። ሁለተኛ ምዕራፍ፣ ከመለወጡ በፊት የሚለወጠውን ማሳየት። ሦስተኛ ምዕራፍ፣ ስህተት ከተገኘ መመለስ።

«አንደኛው ይበቃናል» አለ ሀብተወልድ። «ገና ሳንሄድ ስለ መመለስ ምን አስወራን?»

ጋሽ ከድር «ጅምላ» የምትለዋን ቃል ሲሰሙ ወንበራቸውን ወደ ፊት ሳቡ። «ይሄንንማ ዕድሜዬን ሙሉ ሠርቼበታለሁ። ስኳር ሲጨምር መጋዘን ያለው ሁሉ በአንድ ቀን ይጨምራል፤ ኩንታል በኩንታል እየዞርኩ ዋጋ አልለጥፍም። ወላሂ፣ ጥሩ ነገር ነው።» ትንሽ አሰቡና ደግሞ፣ «ግን ስኳር ሲጨምር ጨው አብሮ እንዳይጨምር የሚያይ ሰው አቆማለሁ» አሉ። ይህን ማንም ልብ አላለው።

«አገርነሽም ታርፋለች» አለ ሀብተወልድ፣ ስጦታ እንደሚሰጥ ሰው ፈገግ ብሎ። «በር ላይ ቦርሳ የሚፈትሽ ሰው ቸግሮናል። ጥላ አለ፣ ወንበር አለ፣ ከሰው ጋር መጫወት አለ። ይሄ ነገር ካለቀ እዚህ አንገቷን ደፍታ ምን ትሠራለች?»

አገርነሽ ወንድሟን አየችው። ዕዝራ የሰሌዳ እስክሪብቶውን ክዳን ጠረጴዛ ሥር ጎንበስ ብሎ ይፈልግ ነበር። ፍለጋው ረዘመ። ቀና ሲል ወሬው አልፏል፤ ላፕቶፑን ከፍቶ «መለማመጃ የሚሆን የመዝገቡ ቅጂ አለኝ፤ እሱ ላይ ላሳያችሁ፤ ዋናው አይነካም» አለ። «ደቡብ» የሚለው ሁሉ «ደቡብ ኢትዮጵያ» ይሁን ብሎ ጻፈና ተጫነ። ከዚያ አንድ መዝገብ ከፈተ፤ «ደቡብ ክልል» የነበረው «ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል» ሆኗል። ሀብተወልድ አጨበጨበ። ዕዝራ «ዋናውን ከምሳ በኋላ እጫነዋለሁ» አለና ላፕቶፑን ሳይዘጋ ተነሣ። ጋሽ ከድር የጫሞ ሐይቅ ዓሣ ጋበዟቸው። አገርነሽ «እኔ ቋጥሬ መጥቻለሁ» ብላ ቀረች።

የቋጠረችው ኩርኩፋ ነበር፤ የበቆሎ ዱቄቱ ከሽፈራው ቅጠል ጋር ተድቦልቡሎ የተቀቀለ። ሁለት ጎርሳ አስቀመጠችው። ላፕቶፑ ፊት ለፊቷ ተከፍቷል፤ ጅምላ እርማቱ ግን በራሷ ኮምፒዩተርም ይከፈታል። መዝገቡን ያስገባሁት እኔ ነኝ ብላ አሰበች፤ የሚለወጥ ከሆነ በኔ እጅ ይለወጥ። ሌላ ሰው ከሚጨርስብኝ እኔው ልጨርሰው። ቅናት ይሁን ቁጭት ለራሷም አልለየላትም። ወንበሯን ሳበች፣ ጠዋት ዕዝራ ሲጽፍ ያየችውን ቃል በቃል ጻፈች፣ ወደ በሩ አንዴ ዞር ብላ አየችና ተጫነች። ማሽኑ «ተጠናቅቋል» አላት። ድምፅ የለ፣ ላብ የለ። ጣቷን አንሥታ አየችው፤ ያው ጣት ነው። ለአፍታ ሥልጣን እንደ ቀዝቃዛ ለስላሳ ጉሮሮዋን አራሰው። ወዲያው ደግሞ ፈራችና ሁሉንም ዘግታ ወደ ኩርኩፋዋ ተመለሰች።

ከምሳ ቀድሞ የተመለሰው ሀብተወልድ ነበር፤ ስንጥር በአፉ ይዟል። «አገርነሽ፣ እስቲ የአዳራሹን ወንበሮች አይተሽ አስተካክይልኝ» ብሎ ላካት። ወንበሮቹ ማለዳ ተስተካክለዋል። ግን አለቃ ነውና ሄደች፤ አንዱን ወደ ግራ አንዱን ወደ ቀኝ ፈቀቅ አድርጋ ስትመለስ፣ እሱ በእሷ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከረባቱን ያስተካክላል። «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» አላት፤ ምኑ ጥሩ እንደሆነ ግን አልነገራትም።

አዳራሹ ውስጥ አንባቢዎች መጽሐፍ የሚፈልጉበት አንድ ኮምፒዩተር አለ፤ በሱ ላይ የሚታየው ዝርዝር በቀን አንዴ፣ ከሰዓት በኋላ ነው የሚታደሰው። የዚያን ቀን ዝርዝሩ በታደሰ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ፣ ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ መምህር አጵሎስ ከዘራቸውን እያንኳኩ ቢሮው ደጃፍ ላይ ቆሙ። ምሳቸውን በልተው ሲያበቁ እየመጡ እስከ መዝጊያ ሰዓት የሚያነቡ ሰው ናቸው።

«አገርነሽ ልጄ፣ ደቡብ ዋልታ መቼ ነው ወደ እኛ ክልል የተካለለው?»

«ምን አሉ፣ መምህር?»

«ነይ እዪው እንጂ።»

ሄዳ አየችው። «የደቡብ ኢትዮጵያ ኢትዮጵያ ኢትዮጵያ ዋልታ አሳሾች» ይላል። ከሥሩ «የደቡብ ኢትዮጵያ ኢትዮጵያ ኢትዮጵያ አፍሪካ ማዕድናት» አለ። ዝቅ ሲል «ደቡብ ኢትዮጵያ ኢትዮጵያ ኢትዮጵያ ኮሪያ እንዴት በለጸገች»። መምህሩ በከዘራቸው ጫፍ ስክሪኑን እየጠቆሙ፣ «በዚህ ዓይነት ፔንግዊኖቹ መታወቂያ የሚያወጡት ከየትኛው ቀበሌ ነው?» አሉ። የሚያነቡት ተማሪዎች ሁሉ ቀና አሉ፤ አንዱ ሳቁን መጽሐፍ ውስጥ ቀበረ።

ዕዝራ እየሮጠ መጣ፤ አየ፤ ወደ ላፕቶፑ ተመለሰ። ፊቱ ሲገረጣ አገርነሽ ዓይኗ እያየ ነው። «መለማመጃው እንዳለ ነው» አላት በሹክሹክታ። «ጠዋት የተጫንኩት ዋናው ላይ ነው። ሁለቱንም ከፍቻቸው ነበር፤ ተምታቱብኝ። ግን እትዬ፣ ሦስት ጊዜ መድገሙ አልገባኝም፤ ፕሮግራሙም ችግር አለበት ማለት ነው። አለቃዬ ይገድለኛል።» አገርነሽ እኔም ተጭኜዋለሁ ልትለው ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ግን ጠዋት የሰማችው «ሴትዮዋ» የሚለው ቃል ትዝ አላትና ተወችው። በሩ ላይ የቆመው ሀብተወልድም ጫማውን ይመለከት ነበር፤ ጫማው ላይ ምንም የለም።

ውጭ የመኪና ጡሩንባ ተሰማ። ሀብተወልድ ነቃ። «ቆጣሪውን አጥፉት!» አለ። «መብራት ጠፋ እንላለን። መብራት ለምን ጠፋ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም።» ራሱ ሄዶ አጠፋው፤ ቬንትሌተሩ ተንቋቅቶ ቆመ።

ከክልል የመጣችው ወይዘሮ ማዕዶት መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ የመንገድ አቧራ ቅንድቧ ላይ ያረፈባት አጭር ሴት ናት። ሀብተወልድ ሐዘንተኛ መስሎ ነገራት። እሷም «መብራት ነዋ፤ ምን ይደረጋል» ብላ ተቀመጠች። ሙዝ ቀረበላት፤ ሻይ ከጎረቤት መጣላት፤ ነገሩ በሰላም ሊያልፍ አንድ ብርጭቆ ሻይ ቀረው። በዚህ መሀል ነው ጋሽ ከድር ከመጋዘናቸው የገቡት። ስለ ምንም ነገር የነገራቸው ሰው አልነበረም።

«መብራት ነው ችግሩ? ታዲያ የኔ ጄኔሬተር ለማን ተቀመጠ!»

«አይልፉ ጋሽ ከድር፣ እባክዎ…» አለ ሀብተወልድ።

«ምን ልፋት አለው!» ወደ መንገዱ ወጥተው ጮኹ። ሁለት የመጋዘን ሠራተኞች ገመዱን በሁለት ባጃጅ መካከል አሹልከው አሻገሩት። ጄኔሬተሩ አንዴ አስነጠሰ፣ ሁለቴ አስነጠሰ፣ ከዚያ እያጓራ ተነሣ። ቬንትሌተሩ መንቋቋቱን ቀጠለ። ሀብተወልድ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ሲል ድምፁ የለቅሶ ቤት ድምፅ ነበር።

ወይዘሮ ማዕዶት አዳራሹ ውስጥ ካለው ኮምፒዩተር ፊት ተቀመጠች። «ወንድሜ ጁባ ነው የሚሠራው፤ ስለዚያ አገር የሚነበብ ካላችሁ» አለችና ደቡብ ሱዳን ብላ ጻፈች። የመጣውን በለሆሳስ አነበበችው። መነጽሯን አውልቃ በሻርፗ ጠረገችና እንደገና አነበበችው። ከዚያ በወንበሯ ላይ ዞረች።

«ስንት ጊዜ ነው የተጫነው?»

«የፕሮግራሙ ችግር ነው…» ብሎ ዕዝራ ጀመረ።

«ማሽን ያዘዙትን ነው የሚያደርገው። እኔ የጠየቅሁት ስንት ጊዜ እንደታዘዘ ነው።»

ጄኔሬተሩ ብቻ ያጓራል። ዕዝራ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ። «አንዱ የኔ ነው» አለ። «ጠዋት፣ መለማመጃ መስሎኝ። ጥፋቱ የሶፍትዌሩ አይደለም፤ የኔ ነው።»

አገርነሽ ወንድሟን አየችው። ብቻውን ቆሟል፤ እጆቹን የሚያስቀምጥበት አጥቷል።

«አንዱ ደግሞ የኔ ነው» አለች። «በምሳ ሰዓት። እጄ ሳይገባበት እንዳያልቅ ብዬ ነው።»

ዕዝራ ዞሮ አፈጠጠባት። ወይዘሮ ማዕዶት ስክሪኑ ላይ በጣቷ ቆጠረች። መምህር አጵሎስ ከወንበራቸው አልተነሡም ነበርና፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ «እንግዲህ አንዲት ኢትዮጵያ ባለቤት አጣች» አሉ።

ሁሉም የሚያየው ሰው አንድ ነበር። ሀብተወልድ ከረባቱን ላላ አደረገ፤ እንደገና አጠበቀ፤ በመጨረሻ ፈታው። «እኔ…» አለ፣ «እንግዳ ከመምጣቷ በፊት… በራሴ እጅ አጠናቅቄ ለመጠበቅ ያህል…»

መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ ከድር ናቸው። ሆዳቸውን ይዘው ግድግዳ ተደገፉ። ቀጥሎ ተማሪዎቹ፣ ቀጥሎ ወይዘሮ ማዕዶት ራሷ፤ ዕንባዋን እየጠረገች ገጹን ወደ ታች ስትስብ ሌላ ነገር አየችና ቆመች። «ቆይ፣ ይቺኛዋ ደግሞ አራት ናት። አራተኛው ማን ነው?»

«አራተኛዋ» አለች አገርነሽ፣ «በደህናው ጊዜ በእጄ ያረምኳት ናት።»

ሳቁ ሲበርድ ወይዘሮ ማዕዶት ማንንም አልገሠጸችም። ምን እንደሚደረግ ጠየቀች። ዕዝራ በመጣ ዕለት የቀዳው የመዝገቡ ቅጂ እንዳለ፣ እሱን ቢመልሰው የአንድ ሳምንት ምዝገባ ብቻ እንደሚጠፋ ተናገረ። ወይዘሮ ማዕዶት ወደ ቢሮው ገብታ ሰሌዳውን ለረጅም ጊዜ አነበበችው። እስክሪብቶውን አንሥታ ሦስተኛውን ምዕራፍ አንደኛ አደረገችው፤ መለወጥን ወደ ታች አወረደችው። ከሥሩ ደግሞ፣ አንዱ ሰው ይጠይቃል፣ ሌላው መዝገቡን የሚያውቅ ሰው አይቶ ይፈቅዳል፣ ያለ ሁለተኛው ሰው አይከፈትም ብላ ጻፈች። «መዝገቡን የሚያውቀው ማን ነው?» አለች።

ሀብተወልድ ወደ በሩ፣ ወደ ጥላውና ወደ ባዶው ወንበር ተመለከተ። «አገርነሽ ናት» አለ።

«ቦርሳውስ?» አሉ ጋሽ ከድር፤ ነገር የማይረሱ ሰው ናቸው።

«ቦርሳውን… በተራ እናየዋለን።»

እንግዳዋ ከሄደች በኋላ እህትና ወንድም ቅጂውን መልሰው፣ የጠፋውን ሳምንት ማስገባት ጀመሩ። ዕዝራ መጻሕፍቱን እያነሣ ርዕስና ደራሲ ያነባል፤ አገርነሽ ትጽፋለች። ሲፈጥንባት «ቀስ» ትለዋለች፤ ትንሽ ቆይቶ ወገቡን እየያዘ «ይሄን በየቀኑ ነው የምትሠሪው?» አላት። «ኧረ አንብብ» ብላው ቀጠለች። መዝጊያ ሰዓት ሲደርስ እኩሌታውን እንኳ አልጨረሱም።

ወደ ሲቀላ በእግራቸው ወረዱ። ቁልቁለቱ ላይ የጨንቻ ፖም የሚሸጡ ሴቶች ዕቃቸውን ይሰበስባሉ። አገርነሽ ፊት ለፊቷን እያየች፣ «ጠዋት ስልክ ላይ ‹ሴትዮዋ› ስትል ሰምቻለሁ» አለች።

ዕዝራ ጠጠር በእግሩ ገፋ አደረገ። «እህቴ ናት ብል፣ ዘመዱን ሊጠይቅ ነው የሄደው ይሉኛል ብዬ ነው» አለ። «አፍሬ አይደለም።»

«ስለ ቦርሳው ሲወራስ?»

«እሱን…» አለና ቆመ። «ክዳኑ እጄ ላይ ነበር። ቀና ብዬ ላይሽ አልቻልኩም።»

አገርነሽ ፖም ከምትሸጠው ሴት ሁለት ገዛች፤ ትልቁን ለእሱ ሰጠችው። እየገመጡ ብዙ መንገድ ሄዱ። ዝምታው ግን ከጠዋቱ ቀለል ያለ ነበር፤ ቢያንስ ይታኘካል።

«ነገ ዕቅዱን እንደ አዲስ እጽፈዋለሁ» አለ ዕዝራ በመጨረሻ። «ሰው ሊጫን ሲል መጀመሪያ ‹እርግጠኛ ነዎት?› የሚል ጥያቄ ይመጣለታል።»

«እርግጠኛማ ሁላችንም ነበርን» አለች።

«ታዲያ ምን ይበል?»

አገርነሽ ፖሟን ገምጣ አላመጠች፤ ዋጠች። «‹ማንን ጠየቁ?› ይበል።»

ዕዝራ መንገዱ መሀል ላይ ቆሞ ስልኩን አወጣና መጻፍ ጀመረ። ከኋላው ባጃጅ ጡሩንባዋን እያምባረቀች ትመጣለች፤ አልሰማም። አገርነሽ ክንዱን ይዛ ወደ ዳር ሳበችው፤ ጽፎ እስኪጨርስም አልለቀቀችውም።